የኔትወርክ ካርድ ማኅደረ ትውስታ ባለአደራ፦ በድራይቨር ሶፍትዌር ውስጥ የመልቀቅ ኃላፊነት

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ትምህርት ተማሪው በቅድሚያ ከሚማራቸው ደንቦች አንዱ፣ ከኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ላይ የተወሰደ ቦታ ሥራው ሲያበቃ መመለስ ያለበት መሆኑ ነው። ደንቡ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በመማሪያ ክፍል በሚሠሩት መልመጃዎችም ቦታውን የሚጠይቀውና የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ፋንክሽን ስለሆነ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ አያጠያይቅም። ተማሪው መመለሱን ቢረሳ እንኳ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሁሉንም ሰብስቦ ስለሚወስድ ጥፋቱ ሳይታይ ያልፋል።

ነገሩ የሚከብደው ሥራው ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጠኛ ክፍል፣ ማለትም ወደ ከርነል ሲገባ ነው። ከከርነል በስተኋላ ቆሞ የተረሳውን የሚሰበስብ ሌላ አካል የለም። እዚያ የተረሳ ቦታ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ ድረስ እንደተያዘ ይቀራል፤ ያለጊዜው የተለቀቀ ቦታ ደግሞ ለሌላ ሥራ ይሰጥና ሁለት ባለቤቶች ሳይተዋወቁ በአንድ ሥፍራ ላይ ይጽፋሉ። ከሁለቱ ጥፋቶች የኋለኛው የከፋ ነው፤ የመጀመሪያው ቀስ በቀስ ያከስራል፣ የኋለኛው ግን ከጥፋቱ ሥፍራ እጅግ በራቀ ቦታና ጊዜ ይገለጣል። ለዚህ አደጋ በይበልጥ ከተጋለጡት የከርነል ክፍሎች አንዱ የኔትወርክ ካርድን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ ማኅደረ ትውስታ ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ካርዱ፣ የኔትወርክ ፕሮቶኮሎቹና ተጠቃሚው ሁሉ እጃቸውን ስለሚያስገቡ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን የሚመረምረው በሊኑክስ ከርነል ምሳሌነት ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ከተጀመረ ወዲህ ምንጩ ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የሚገለጸውን ማንኛውም መምህር ከራሱ ከምንጩ ሊያመሳክር ይችላል።

ድራይቨሩ በእጁ የሚይዛቸው ቦታዎች

ድራይቨሩ የሚይዘው ማኅደረ ትውስታ አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያ የመሣሪያው መዝገብ አለ፤ ይኸውም ከርነሉ ስለ ካርዱ የሚያውቀውን ሁሉ፣ ስሙንና አድራሻውን፣ የተቀበላቸውንና የላካቸውን ፓኬቶች ብዛት የሚያሰፍርበት ነው። በዚሁ መዝገብ ጅራት ላይ ድራይቨሩ ለብቻው የሚገለገልበት የግል ክፍል ተቀጥሎ በአንድነት ይወሰዳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚወሰዱና በአንድ ጊዜ የሚለቀቁ መሆናቸው ኋላ እንደሚታየው ከባድ ውጤት አለው።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀለበት በመባል የሚታወቀው የማዘዣ ሠንጠረዥ ነው። ካርዱ ፓኬት ሲደርሰው ፕሮሰሰሩን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ማኅደረ ትውስታ ይጽፋል፤ የት እንደሚጽፍ የሚያውቀውም ከዚህ ቀለበት አንብቦ ነው። ለምሳሌ ኢ1000 በመባል በሚታወቀው የኢንቴል ካርዶች ድራይቨር አንዱ የማዘዣ መሥመር 16 ባይት ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 8ቱ ባይት የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ነው። ድራይቨሩ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር 256 መሥመሮች ያዘጋጃል፤ ይህም 4,096 ባይት፣ ማለትም በተለመዱት ኮምፒዩተሮች የማኅደረ ትውስታ አንድ ገጽ ልክ ነው። ሠንጠረዡ ትንሽ ነው፤ የሚጠቁማቸው መያዣዎች ግን ትንሽ አይደሉም። እያንዳንዱ መያዣ 2,048 ባይት ቢሆን የ256ቱ ድምር 524,288 ባይት ይሆናል። እንግዲህ ቀለበቱን ብቻ ለቅቆ መያዣዎቹን የረሳ ድራይቨር፣ ካርዱ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ባይት ያህል ያባክናል ማለት ነው።

በመጨረሻም መስኮት አለ። የካርዱ የራሱ መቆጣጠሪያዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በካርዱ ላይ ያለው ቋሚ ማኅደር፣ ለፕሮሰሰሩ ተራ ማኅደረ ትውስታ መስለው እንዲታዩ አድራሻ ይሰጣቸዋል። ይህ በትክክለኛ አነጋገር የተወሰደ ቦታ ሳይሆን የተከፈተ መስኮት ነው። ቢሆንም መዘጋት አለበት፤ በተሳሳተ ጊዜ የተነካ መስኮት ምን ሊያደርስ እንደሚችልም እ.ኤ.አ. በ2008 የታየውን ሁኔታ በመጥቀስ ኋላ ይገለጻል።

ካርዱ ስለ መልቀቅ አያውቅም

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነጥብ ይህ ነው። ቦታን መልቀቅ በከርነሉ መዝገብ ላይ የሚደረግ የሒሳብ ሥራ እንጂ ለካርዱ የሚደርስ ትእዛዝ አይደለም። ድራይቨሩ መያዣዎቹን ለቅቆ ካርዱን ሳያቆም ቢቀር፣ ካርዱ አሮጌውን አድራሻ ይዞ የሚመጡትን ፓኬቶች መጻፉን ይቀጥላል። ያ ቦታ በዚያን ጊዜ ምናልባት የአንድ ፋይል ይዘት ወይም የሌላ ፕሮግራም ሠንጠረዥ ሆኗል። ጥፋቱ በፋይሉ ላይ ሲታይ የኔትወርክ ካርዱን የሚጠረጥር ሰው አይገኝም። የካርዱን አድራሻ እየመረመረ የሚያሳልፍና ያልተፈቀደውን የሚያግድ አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. የተባለ ክፍል ባላቸው ኮምፒዩተሮች ይህ አደጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ክፍሉ በሁሉም ዘንድ የለም፣ ባለበትም ሁልጊዜ በሥራ ላይ እንዲውል አይደረግም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ራሱ የኃላፊነቱ አካል ነው። አስቀድሞ አዲስ ፓኬት ወደ ድራይቨሩ እንዳይመጣ ይከለከላል፤ ከዚያ ካርዱ እንዲቆም ይታዘዛል፤ ቀጥሎም በመካሄድ ላይ ያለ የኢንተራፕት ሥራ እስኪያልቅ፣ የተቀጠሩ ሰዓት ቆጣሪዎችም እስኪሰረዙ ይጠበቃል። ቀለበቱና መያዣዎቹ የሚለቀቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ ነው። በሊኑክስ ኢንተራፕትን የሚመልሰው ፋንክሽን በሌላ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ኢንተራፕት ካለ እስኪያልቅ የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፓኬት ርክክብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍልን አሠራር የሚያውቅ ሰው የፓኬትን ጉዳይ በቶሎ ይረዳዋል። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ ፊርማው ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ ተጠያቂው ሌላ ሰው ነው። ዕቃው ከቦታው ባይንቀሳቀስም ኃላፊነቱ ግን ተንቀሳቅሷል።

በኔትወርክ ድራይቨርም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው የኔትወርክ ክፍል ለመላክ የተዘጋጀ ፓኬት ይዞ የድራይቨሩን የመላኪያ ፋንክሽን ይጠራል። ፋንክሽኑ ሲመለስ የሚሰጠው ቃል ፊርማው ነው። «ተቀብያለሁ» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ከመለሰ ፓኬቱ የድራይቨሩ ሆኗል፤ ቢልከውም፣ መላክ ተስኖት ቢጥለውም የመልቀቁ ኃላፊነት የራሱ ነው። «ሥራ በዝቶብኛል» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ከመለሰ ግን ፓኬቱን እንዳልተረከበ ይቆጠራል፤ ሊለቅቀውም ሆነ ጠቋሚውን ይዞ ሊያስቀር አይችልም፤ የላይኛው ክፍል ፓኬቱን እንደገና ያሰልፈዋል። በድራይቨሮች ሲደጋገም የታየው ስሕተት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚደረግ ነው፦ ድራይቨሩ አንድ እክል ገጥሞት ፓኬቱን ከለቀቀ በኋላ «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ይመለሳል። የላይኛው ክፍል የሌለውን ፓኬት በወረፋ ያስቀምጣል። ድራይቨሩ ዕቃውን ጥሎ ሞዴሉን ሳይፈርም የመለሰ ንብረት ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው።

ርክክቡ በዚህ አያበቃም። ድራይቨሩ የፓኬቱን አድራሻ በቀለበቱ ላይ ሲያሰፍር ፓኬቱ ለጊዜው በካርዱ እጅ ይሆናል። ካርዱ ልኮ ሲጨርስ በመሥመሩ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ድራይቨሩም ምልክቱን አይቶ ፓኬቱን መልሶ ይረከብና ይለቅቃል። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ «ይቆይ፣ ቸኩሎ ምን ያደርጋል» ማለት አይገባም። በላኪው ፕሮግራም ስም የተያዘ ፓኬት ከላኪው የማኅደረ ትውስታ ድርሻ ላይ ይታሰባል፤ ድራይቨሩ መልቀቁን ካዘገየ ላኪው ድርሻው ሞልቶ ይቆማል። ቦታው አልጠፋም፣ አልተበላሸም፤ ግንኙነቱ ግን ያለምክንያት የተንቀራፈፈ ይመስላል።

የመሣሪያው መዝገብና የተጠቃሚዎች ቆጠራ

እስካሁን ከተባለው ሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣው የመሣሪያው መዝገብ አለቃቀቅ ነው። መዝገቡ አራት እርምጃዎችን ያልፋል፦ ይወሰዳል፣ ይመዘገባል፣ ምዝገባው ይሰረዛል፣ ይለቀቃል። ከተመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ግን መዝገቡን የሚያውቀው ድራይቨሩ ብቻ አይደለም። የመንገድ ሠንጠረዥ፣ የአድራሻ ዝርዝር፣ የፓኬት ማጣሪያዎች ሁሉ ጠቋሚውን ይይዛሉ። እያንዳንዱ ያዥ ሲይዝ ቁጥሩን በአንድ ከፍ፣ ሲተው በአንድ ዝቅ ያደርጋል። ምዝገባው ሲሰረዝ ከርነሉ ለሁሉም «መሣሪያው ሊሄድ ነውና ልቀቁ» የሚል ማስታወቂያ ይልክና ቁጥሩ እስኪወርድ ይጠብቃል።

አንዱ ያዥ መተዉን ከረሳ ጥበቃው ማለቂያ አይኖረውም። በዚህ ጊዜ ከርነሉ የመሣሪያውን ስምና የቀሩትን ያዦች ብዛት እየጠቀሰ፣ እንደተለመደው አሠራር በየ10 ሴኮንዱ፣ መሣሪያው ነጻ እስኪሆን በመጠበቅ ላይ መሆኑን ያሳውቃል። ይህን መልእክት የማያውቅ የሰርቨር አስተዳዳሪ ጥቂት ነው። መልእክቱ ስንት እንደቀሩ ይናገራል እንጂ ማን እንደቀረ አይናገርም ነበር፤ ኤሪክ ዱማዜ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 5.17 እትም የገባው መከታተያ ግን እያንዳንዱ ያዥ የት ላይ እንደያዘ እንዲመዘግብ አስቻለ። ፍሬ ነገሩ ቁጥር ብቻ የተጻፈበትን ደብተር ስም በተጻፈበት ደብተር መተካት ነው።

ምዝገባው ከተሰረዘ በኋላም ቢሆን «ፍሪ ኔትዴቭ» የተባለውን የመልቀቂያ ፋንክሽን መጥራት ቦታውን ወዲያውኑ መመለስ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከወጣው ከ2.6 እትም ጀምሮ የመሣሪያው ሁኔታ ሲስኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሥርዓት አማካይነት ለተጠቃሚው ይታያል። አንድ ተጠቃሚ ከእነዚህ ፋይሎች አንዱን ከፍቶ ሳለ መዝገቡ ቢጠፋ ንባቡ በሌለ ቦታ ላይ ይሆናል። በመሆኑም ፋንክሽኑ የሚያደርገው የድራይቨሩን ድርሻ መተው ነው፤ ቦታው በእርግጥ የሚለቀቀው የመጨረሻው ያዥ ሲተው ነው። ፋንክሽኑ ለመልቀቅ የተሰየመ ሲሆን ተግባሩ «የእኔ ሥራ አልቋል» ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስሙ አሳሳች መሆኑ መታለፍ የለበትም።

ለድራይቨሩ ጸሐፊ ግን ከዚያች ጥሪ በኋላ መዝገቡ የለም ብሎ ማሰብ ግዴታው ነው። እዚህ ላይ የግል ክፍሉ ከመዝገቡ ጋር በአንድነት መወሰዱ ይታወሳል። ብዙ ድራይቨሮች የካርዱን መስኮት አድራሻ በግል ክፍላቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ መሣሪያው ሲወገድ አስቀድመው መዝገቡን ለቅቀው ቀጥሎ መስኮቱን ለመዝጋት አድራሻውን ከግል ክፍሉ ለማንበብ ይሞክራሉ። የሁለት መሥመሮች ቦታ መለዋወጥ ነው። በአብዛኛው ጊዜ አሮጌው ይዘት ገና ስላልተደመሰሰ ስሕተቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ይሠራል። በተለያዩ ድራይቨሮች የተደረጉ ብዙ እርማቶች ከእነዚህ መሥመሮች ቦታ መቀያየር ያለፉ አይደሉም።

የ2017 ለውጥ

እንደ ዋሻ ያሉ በሶፍትዌር ብቻ የሚፈጠሩ የኔትወርክ መሣሪያዎች ሌላ ጥያቄ አስነሥተዋል። እነዚህን በተጠቃሚው ትእዛዝ የሚሰርዛቸው ከርነሉ ስለሆነ መዝገቡን የሚለቅቅ የድራይቨር ፋንክሽን በመጨረሻ ላይ አይጠራም። ለዚህ ሲባል በመዝገቡ ላይ «አጥፊ» የሚባል የፋንክሽን ጠቋሚ ተደርጎ ነበር። አንዳንዱ ጸሐፊ በዚያ ላይ ፍሪ ኔትዴቭን በቀጥታ ያስቀምጥ ነበር፤ ሌላው ደግሞ መጀመሪያ የግል ንብረቱን፣ ቀጥሎ መዝገቡን የሚለቅቅ የራሱን ፋንክሽን ያስቀምጣል።

ይህ አሠራር ሁሉም ሲሳካ ጉድለት አልነበረበትም። ችግሩ ምዝገባው በመካከል ሲከሽፍ ነበር። ድራይቨሩ በምዝገባው መነሻ ላይ የግል ንብረቱን ወስዶ ከነበረ ያ ንብረት መለቀቅ አለበት። ምዝገባውን የሚያካሂደው ፋንክሽን አጥፊውን ቢጠራ የግል ንብረቱ ይለቀቃል፤ ነገር ግን መዝገቡም አብሮ ይለቀቃል፤ ምዝገባው መክሸፉን የሰማው ጠሪም በተለመደው ደንብ መዝገቡን ሁለተኛ ጊዜ ይለቅቃል። አጥፊውን ባይጠራ ደግሞ የግል ንብረቱ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነበር፤ ሁለቱም ስሕተት ነበሩ።

የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ሚለር እ.ኤ.አ. በ2017 አንዱን ጠቋሚ ለሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው የግል ንብረትን ብቻ የሚለቅቅ ፋንክሽን ሲሆን፣ ሁለተኛው መዝገቡን ከርነሉ ራሱ ይልቀቅ ወይስ አይልቀቅ የሚለውን በአዎን ወይም በአይደለም የሚመልስ ምልክት ነው። ከዚያ ወዲህ ምዝገባ ሲከሽፍ የግል ንብረቱን ከርነሉ ይለቅቃል፣ መዝገቡን ግን ጠሪው ይለቅቃል። ለውጡ አዲስ ችሎታ አልጨመረም፤ ያደረገው በአንድ ስም ተሸፍነው የነበሩ ሁለት ኃላፊነቶችን ለየብቻ መሰየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ጃኩብ ኪቺንስኪ፣ ምዝገባው በመሰረዝ ላይ ሳለ ፍሪ ኔትዴቭ ቢጠራ ከርነሉ እንዳይወድቅ፣ ይልቁንም ጥያቄውን አስታውሶ ስረዛው ሲፈጸም እንዲለቅቅ አደረገ።

የ2008 የካርዶች ብልሽት

ከተለቀቀ በኋላ የሚነካ ቦታ የሚያስከትለው ጥፋት በሶፍትዌር ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር የሚያሳይ አንድ ሁኔታ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ገና ያልወጣውን የ2.6.27 እትም ይሞክሩ የነበሩ ሰዎች በኢ1000ኢ ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶቻቸው ሞተው አገኙ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራትም ሆነ ወደ አሮጌው ከርነል መመለስ አልረዳም፤ የካርዱ አድራሻና መሠረታዊ መቼቶች የሚገኙበት ቋሚ ማኅደር ይዘቱ ተበላሽቶ ነበር። ጥርጣሬው ሁሉ በድራይቨሩ ላይ አረፈ።

በመጨረሻ የተገኘው ጥፋተኛ ግን ከኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ ኤፍትሬስ የተባለው የከርነል መከታተያ ነበር። ይህ መሣሪያ የፋንክሽን ጥሪዎች የሚገኙባቸውን አድራሻዎች በዝርዝር ይዞ ኋላ ተመልሶ ትእዛዞቹን ይለውጣል። ከርነል ላይ የሚጫን ሞጁል ደግሞ ለመነሻ ብቻ የሚያስፈልግ ክፍል አለው፤ መነሻው ሲያበቃ ይህ ክፍል ይለቀቃል። ቦታው ተለቀቀ፤ አድራሻው ግን በኤፍትሬስ ዝርዝር ላይ ቀረ። ያ አድራሻ ቀጥሎ ለካርዱ ቋሚ ማኅደር መስኮት ተሰጠ። ኤፍትሬስ ሲመለስ «የምጠብቀው ትእዛዝ እዚህ ካለ ለውጥ፣ ከሌለ ተወው» በሚል ጥንቃቄ ሠራ። ይሁን እንጂ ለዚህ የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ንጽጽሩ ባይሰምርም ያነበበውን መልሶ ይጽፋል። በተራ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይህ ጉዳት የለውም። በካርዱ መስኮት ላይ ግን መጻፍ ሁሉ ለካርዱ ትእዛዝ ነው።

በጥቅምት ወር በወጣው በ2.6.27.1 እትም ያ የኤፍትሬስ ክፍል ከሥራ ውጭ ተደረገ፤ የድራይቨሩ ጸሐፊዎችም ቋሚ ማኅደሩ እንዳይጻፍበት የሚቆልፍ ማስተካከያ አደረጉ። ድራይቨሩ ከራሱ ድርሻ አንዳች አልበደለም ነበር። መስኮቱን በደንብ ከፍቷል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ቦታም በደንብ ተለቅቋል። የጎደለው ቦታው መለቀቁን ለያዡ ሁሉ ማሳወቅ ነው።

ራሱን በራሱ የሚለቅቅ አሠራር

ኃላፊነቱን ከሰው ትከሻ ላይ ለማውረድ የተደረገ ሙከራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.6.21 እትም በቴጁን ሂዮ አማካይነት የገባው አሠራር፣ ድራይቨሩ የወሰዳቸውን ነገሮች በዝርዝር ይዞ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲለይ በተወሰዱበት ቅደም ተከተል ተቃራኒ ይለቅቃቸዋል። ከዚህ በፊት የድራይቨር ጸሐፊ በእያንዳንዱ የመክሸፊያ ነጥብ ላይ እስከዚያ የወሰደውን ወደኋላ እየቆጠረ በእጁ መመለስ ነበረበት፤ ስሕተቶች በብዛት የሚገኙትም እምብዛም በማይሄድበት በዚህ የመክሸፊያ መንገድ ላይ ነበር።

አሠራሩ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ግማሹን በራሱ፣ ግማሹን በእጅ የሚያደርግ ሰው ከፊተኛው የባሰ ስሕተት ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ ኢንተራፕቱ ራሱን በሚለቅቀው መንገድ ተወስዶ መዝገቡ በእጅ ቢለቀቅ፣ በእጅ የሚደረገው የማስወገጃ ፋንክሽን አስቀድሞ ይፈጸማል፤ ዝርዝሩ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከሉ ኢንተራፕት ቢመጣ የተለቀቀውን መዝገብ ይነካል። በእጅ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አንባቢው የሁለቱን መሥመሮች ቅደም ተከተል ያየው ነበር፤ አሁን ግን አንደኛው መሥመር በገጹ ላይ የለም።

ለማስተማር የሚረዱ ነጥቦች

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትምህርት የሚሰጡ መምህራን ለዚህ ርዕስ ካርድም ሆነ ሰርቨር አያስፈልጋቸውም። ተማሪው በወረቀት ላይ የአንድ ድራይቨር መነሻ ፋንክሽን ተሰጥቶት፣ ከእያንዳንዱ የመውሰድ መሥመር አጠገብ የወቅቱን ባለቤት ስም እንዲጽፍ፣ ከዚያም «አምስተኛው እርምጃ ቢከሽፍስ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ማድረግ ይበቃል። በተሳካው መንገድ ላይ ብቻ የሚፈተን ተማሪ የትምህርቱን ግማሽ እንኳ አላየም። ኮምፒዩተር በሚገኝበት ቤተ ሙከራ ደግሞ በቨርቹዋል ማሽን ላይ፣ የተረሱ ቦታዎችን የሚፈልገውን ከ2009 ጀምሮ የነበረውን ኬሜምሊክ፣ ከተለቀቀ በኋላ የሚነካን ቦታ የሚይዘውን እ.ኤ.አ. በ2015 በ4.0 እትም የገባውን ካሳን ማሠራት ይቻላል። መሣሪያዎቹ ግን የሚያሳዩት በእርግጥ የተሄደበትን መንገድ ነው፤ ያልተሄደበት የመክሸፊያ መንገድ ስሕተቱን እንደያዘ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በወጣው 6.1 እትም ሊኑክስ የተቀበለው የረስት ቋንቋ ጉዳዩን ከመሠረቱ ይለውጠዋል፤ ምክንያቱም ባለቤትነትን የቋንቋው ሰዋስው አካል ስላደረገ ሁለት ጊዜ የሚለቅቅ ፕሮግራም በተለመደው አጻጻፍ ወደ ማሽን ቋንቋ አይተረጐምም። እ.ኤ.አ. በ2024 በ6.8 እትም በዚህ ቋንቋ የተጻፈ አንድ አነስተኛ የኔትወርክ ድራይቨር ገብቷል። ተርጓሚው የሚቆጣጠረው ግን ፕሮሰሰሩ የሚፈጽመውን ነው። ካርዱ ከቀለበቱ ላይ ያነበበውን አድራሻ ይዞ መጻፉን እንዲያቆም የማዘዝ፣ ማቆሙንም የማረጋገጥ ሥራ በረስት ለሚጽፈውም የድራይቨር ጸሐፊ እንደቀድሞው የራሱ ነው።